ሸዋሮቢት ያለው ጁስ ቤት፣ ስፕሪሱም ፍሬውም

ከደብረ ብርሃን በደሴ መስመር የምትጓዙ ሰዎች ሸዋሮቢት ላይ ለምሳ መቆማችሁ አይቀርም፣ እና ምሳ በልታችሁ መኪና ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለውን ጁስ ቤት ሳታዩ እንዳትሄዱ። ስሙን አልጽፍም፣ ባለቤትዋ እትዬ አደራ ስላሉኝ ነው፣ ግን ከተማው ውስጥ "ፍሬ የሚሰጡት ጁስ ቤት" ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጁ ራሱ ያደርሳችኋል።

ቤቱ ሲታይ ሁላችሁም የምታውቁት አይነት ነው፣ ብሌንደር፣ ፍሪጅ፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ በር ላይ የተሰቀለ ሙዝ። የሚለየው ከጁሱ የሚተርፈውን አለመጣላቸው ነው። የአቮካዶው ፍሬ በአንድ ባልዲ፣ የማንጎው በሌላ፣ የፓፓያው ዘር ታጥቦ ጥላ ውስጥ ወንፊት ላይ ተሰጥቶ፣ የአናናሱ አናት ከነቅጠሉ ተገንጥሎ ግድግዳ ስር ተደርድሯል። ደንበኛ የሚተክለውን መርጦ ይወስዳል፣ በነፃ። አንድ ስፕሪስ ጠጥታችሁ የሶስት ዛፍ ዘር ይዛችሁ መውጣት ማለት ነው፣ እኔ እንደዚ አይነት ቤት ሌላ ቦታ አላየሁም።

መጀመሪያ ስለ ጁሱ ልበል። ስፕሪሱ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ነው፣ ከላይ ቪምቶ ጠብ ይደረግበታል፣ ሎሚ ከጎን ይመጣል። ስሄድ 100 ብር ነበር። አቮካዶው ወፍራም ነው ውሃ አያበዙበትም፣ ስኳር ካልፈለጋችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ አለበለዚያ ይጨምራሉ። ፓፓያው ግን እዛው አካባቢ የበሰለ ስለሆነ ከደብረ ብርሃኑ ጋር አይገናኝም፣ ጣዕሙም ሽታውም ሌላ ነው። ጁሱ በቃ ጥሩ ነው፣ ብዙ የምለው ስለሌለኝ ወደ ፍሬው ልሂድ።

እትዬ ፍሬ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ "የት ነው የምትተክይው?" እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው እናቴ ደግሞ እዛው ሸዋሮቢት ናት፣ እና ሁለቱንም ነገርኳቸው። "ለእናትሽ የፈለግሽውን ውሰጂ ልጄ፣ ለደብረ ብርሃኑ ግን ማንጎውን ተይው፣ ውርጩ ይፈጀዋል" አሉኝ። ይሄ ንግግር ነው ቤቱን እንድወደው ያደረገኝ። ብዙ ቦታ ችግኝ ልትገዙ ስትሄዱ የት እንደምትተክሉ የሚጠይቃችሁ የለም፣ ብሩን ተቀብለው ይሸኟችኋል፣ ከዛ ችግኙ በህዳር ውርጭ ተቃጥሎ ሲጠቁር ሰውየው "እጄ አይባረክም" ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የእጅ ጉዳይ አይደለም እኮ! ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ ወደ 2840 ሜትር ነው፣ ሸዋሮቢት ወደ 1280 ሜትር። ጣርማ በርን አልፋችሁ ቁልቁል ደብረ ሲናን፣ አርማንያን ስትወርዱ ጃኬት እያወለቃችሁ ነው የምትደርሱት፣ ሰውነታችሁ የሚያውቀውን ለውጥ ተክሉም ያውቀዋል። ከአንድ ዞን ሳንወጣ አፕል የሚወድ ብርድም ፓፓያ የሚወድ ሙቀትም አለን፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ፍራፍሬ ሲወራ ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ይሄ ነው።

እና የትኛው ያዋጣል ካላችሁኝ እኔ ያለምንም ማመንታት ፓፓያ ነው የምለው። ቆላ ላይ ግቢ ያለው ሰው ፓፓያ ዘር እየጣለ ፓፓያ መግዛቱ ያሳዝነኛል። ከተተከለ ከ9 እስከ 12 ወር ውስጥ ፍሬ የሚሰጥ ሌላ የፍራፍሬ ዛፍ ማን ያውቃል? ግን ብዙ ሰው ዘሩን ከነለሃጩ አፈር ውስጥ ይጥልና አልበቀለም ይላል። ጥቁሩን ዘር የሸፈነው ለሃጭ ዘሩ እንዳይበቅል የሚይዝ ነገር አለው፣ ስለዚ ወንፊት ላይ አድርጎ በውሃ እያሹ እስኪፈነዳና እስኪለቅ ማጠብ ነው፣ ከዛ ጥላ ላይ ማድረቅ። እትዬ ጋ ይሄን ስራ ጨርሰው ነው የሚሰጧችሁ፣ ለኔ ትልቁ አገልግሎታቸው ይሄ ነው። ቤት ወስዳችሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቀብራችሁ አፈሩን እርጥብ አድርጋችሁ ብትጠብቁ በሸዋሮቢት ሙቀት በሁለት በሶስት ሳምንት ብቅ ይላል። ፓፓያ ስሩ ሲነካ አይወድም፣ ስለዚ ከፕላስቲክ ወደ መሬት ስታዛውሩት ከነአፈሩ ይሁን፣ ከተቻለ ደግሞ መጀመሪያውኑ ቦታው ላይ ዝሩት።

ሌላው የፓፓያ ጉዳይ ወንድና ሴት ነው። ወንዱ ዛፍ ረጅም የተንጠለጠለ ዘንግ ላይ ትናንሽ አበባ ያበዛል፣ ፍሬ ግን አይሰጥም፣ ሴቷ አበባዋ ትልቅ ሆኖ ግንዱ ላይ ተጠግቶ ነው የሚወጣው። ሁለቱንም ፆታ አንድ አበባ ላይ የያዘም አለ። እስኪያብብ ድረስ ማወቂያ ስለሌለ በአንድ ጉድጓድ ሶስት ችግኝ አድርጋችሁ ሲያብብ ትርፉን መንቀል ነው፣ ወንዶቹን ግን ሙልጭ አድርጋችሁ አትንቀሉ፣ ሴቶቹ የሚያዳቅላቸው ያስፈልጋቸዋል። እትዬ የነገሩኝ እና እኔም ትክክል መሆኑን የማውቀው አንድ ዘዴ አለ፣ ዘር ስትመርጡ ከድብልብሉ ፓፓያ ይልቅ ረዘም ካለው ውሰዱ። ድብልብሉ የሴቷ ፍሬ ነው፣ በወንድ ከተዳቀለ ከዘሩ ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል። ረዘም ያለው የሁለት ፆታው ዛፍ ፍሬ ነው፣ በራሱ አበባ ከተዳቀለ ከዘሩ ወንድ አይወጣም። ወንፊቱ ላይ ግን ሁለቱም ተቀላቅሎ ነው ያለው፣ ስለዚ ረዥሙን ፓፓያ ሲቆርጡ ቆማችሁ የዛን ለዩልኝ በሏቸው፣ ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ብቻ እንዳትተክሉ አደራ፣ የፓፓያ ስር አንድ ሁለት ቀን ውሃ ላይ ከዋለ ዛፉ አለቀለት፣ በክረምት ሸዋሮቢት ሜዳው ላይ ጎርፍ እንደሚተኛ ታውቃላችሁ፣ አፈሩን ከፍ አድርጎ ደልድሎ ላዩ ላይ መትከል ነው።

አቮካዶ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጀምርበት ነው። ፍሬውን በስንጥር ወግቶ ብርጭቆ ውሃ ላይ ማንጠልጠል ከተማ ልጆች ዘንድ በጣም ተለምዷል፣ ስሩ ሲወጣ ማየት ለልጆች ደስ ይላል፣ በዛ አልጣላም። ተክል ከፈለጋችሁ ግን ቀጥታ አፈር ውስጥ ነው የሚሻለው፣ ውሃ ላይ የኖረ ስር አፈር ሲገባ እንደገና መልመድ አለበት። ጠፍጣፋው ጎን ወደ ታች፣ ሾል ያለው ወደ ላይ፣ አናቱ ትንሽ ብቅ ብሎ ይታይ። ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል፣ ተሰንጥቆ ስር ካወጣ ቅጠሉ ቢዘገይም ተስፋ አትቁረጡ። እና ፍሬው መድረቅ የለበትም፣ ፀሀይ ላይ ቆይቶ የደረቀ የአቮካዶ ፍሬ ሞቷል።

ግን እውነቱን መነጋገር አለብን። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያፈራ ከ5 አመት በላይ፣ አንዳንዴ አስር አመት አልፎም ሊሄድ ይችላል፣ ሲያፈራም የበላችሁትን አቮካዶ አይደለም የሚሰጣችሁ። አበባው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፣ መጀመሪያ እንደ ሴት፣ ተዘግቶ በማግስቱ እንደ ወንድ፣ ሀስ የሚባለው ዝርያ ጠዋት ሴት ሲሆን ኤቲንገር ደግሞ ከሰዓት ነው፣ ስለዚ አንዱ ከሌላው ጋር እየተዳቀለ እያንዳንዱ ፍሬ የራሱ አዲስ ዝርያ ይሆናል። ሊያምር ይችላል፣ ውሃ ውሃ ሊልም ይችላል። ይሄን ስል ፍሬ መትከል ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። አሁን አለም ሁሉ የሚበላው ሀስ ራሱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አንድ ፍሬ ነበር፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሀስ የሚባል ፖስታ አዳይ በ1926 እንደ ፈረንጆቹ ገዝቶ ተከለው፣ የሌላ ዝርያ ቅርንጫፍ ሊቀጥልበት ሞክሮ እምቢ ሲለው እንዲሁ ተወው፣ በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት፣ እናትየው ዛፍ እስከ 2002 ኖራለች። ያ ግን ስንት ሚሊዮን ፍሬ ተተክሎ አንዴ የሚገኝ እድል ነው፣ ልጆቼ አቮካዶ ይብሉ የሚል ሰው በእድል አይተክልም።

ስለዚ ከጁስ ቤቱ ያመጣችሁትን የአቮካዶ ፍሬ እንደ እግር፣ ማለትም ሌላ ዝርያ የሚቀጠልበት የታችኛው ግንድና ስር አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። አብቅላችሁ ግንዱ እርሳስ ሲያክል የጥሩ ዝርያ ቅርንጫፍ ታዳቅሉበታላችሁ፣ እዚህ ማዳቀል የምለው የአበባውን ሳይሆን ቅርንጫፍ ግንዱ ላይ መቀጠሉን ነው፣ እንደዛ ከሆነ በሶስት በአራት አመት ታፈራላችሁ። እዚ ቤት ደስ ያለኝ ነገር የእትዬ ልጅ ማዳቀል ተምሯል፣ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ጥላ ሰርቶ እዛ ያዳቅላል፣ ራሳችሁ ያበቀላችሁትን ችግኝ ይዛችሁለት ብትሄዱ በትንሽ ብር ያዳቅልላችኋል። ስራው ንፁህ ነው፣ ቢላውን በአልኮል ሲያፀዳ አይቼዋለሁ፣ የተገናኘበትን ቦታ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጎ ያስራል፣ ካልያዘ ድጋሚ እሰራለሁ ይላል ይሰራልም። የተዳቀለ ዝግጁ ችግኝም ይሸጣል፣ ስትገዙ ግን ከማንም ቢሆን ግንዱን እዩ፣ ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ብሎ የተቀጠለበት ጠባሳ መኖር አለበት፣ ከጠባሳው በላይና በታች የቅርፊቱ መልክ ይለያል። ለእናቴ ሌላ ቦታ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ "የተዳቀለ ነው" ብለው የሸጡላት ችግኝ ግንዱ ከታች እስከ ላይ ልሙጥ ነበር፣ ከፍሬ የበቀለ የሀበሻ አቮካዶ በተዳቀለ ዋጋ ማለት ነው። ይሄ ሰው ላይ የአመታት ጊዜ መስረቅ ነው፣ በጣም ያናድደኛል።

ማንጎ ለቆላ ሰው ብቻ። ከቃጫው ሽፋን ጠርዙን በመቀስ ቆርጣችሁ አውጡት፣ ውስጡ ትልቅ ባቄላ የሚመስል ፍሬ አለ፣ እሱን ነው የምትተክሉት፣ ትኩስ እንዳለ፣ ምክንያቱም የማንጎ ፍሬ ከወጣ በፍጥነት ነው የሚሞተው። አንዳንዱ ዝርያ ከአንድ ፍሬ ሁለት ሶስት ቡቃያ ያወጣል፣ አብዛኞቹ እናትየውን የሚመስሉ ስለሆኑ ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌላውን አንሱ። እትዬ ጋ የማንጎው ባልዲ ግን ትንሽ ቅር ያሰኘኛል፣ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው፣ ሽታ ያለውንና ሲነካ የሚልመጠመጠውን አትውሰዱ።

አናናሱን ብዙ ሰው አያምንም፣ እኔ ግን እናቴ ግቢ ውስጥ በአይኔ አይቻለሁ። አናቱን በእጅ ጠምዝዞ መገንጠል፣ በቢላ ከተቆረጠ ስጋው አብሮ ይቀርና ይበሰብሳል። ከታች ያሉትን ቅጠሎች ጥቂት አንስታችሁ ጉቶውን አራቁቱት፣ ሁለት ሶስት ቀን ጥላ ላይ ቁስሉ ይድረቅ፣ ከዛ አፈር። ስሩ ጥልቅ ስላልሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉ ተቆርጦ ታቹ ተበስቶ ይበቃዋል፣ ደረቅ ይችላል፣ ውሃውን መሀል ቅጠሉ ላይ ብታፈሱለት ይጠጣዋል። ሁለት አመት ገደማ ትዕግስት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ። ተክሉ በደንብ ካደገ በኋላ አላፈራ ካለ የበሰለ አፕል ከጎኑ አድርጎ ሁለቱንም በፌስታል ለጥቂት ቀን መሸፈን ነው፣ ከአፕሉ የሚወጣው ኤትሊን የሚባል ጋዝ እንዲያብብ ይገፋዋል። ካፈራ በኋላም ከስሩና ከጎኑ ልጅ ስለሚያወጣ እነሱን ነቅሎ መትከል ነው፣ ከአናቱ ይልቅ እነሱ ቶሎ ያፈራሉ። አናናስ ከሲዳማ ተጭኖ እዚ ሲደርስ የሚጠየቀውን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው አንድ ጀሪካን ቦታ መስጠቱ ብዙ አይደለም።

ሙዝ ከተላጠው ምንም አይበቅልም፣ የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም፣ ከስሩ የወጣ ልጅ ካለው ሰው መጠየቅ ነው። ብርቱካንና ሎሚ ከዘሩ ይበቅላል፣ ብዙ ጊዜም እናቱን ይመስላል፣ ግን እሾሁ ይበዛል አመታትም ይወስዳል። ዘይቱንና ጊሽጣ ሲኖራቸው ዘሩን ይሰጣሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይኖራቸውም።

አፈርም ይሸጣሉ፣ በፌስታል የተሞላ፣ ሶስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ነው፣ አይሸትም፣ ትል አላየሁበትም። ሸዋሮቢት ላለ ሰው ግን ግቢው ውስጥ ይሄን ራሱ መስራት ስለሚችል አልመክርም፣ ጥቁር ጭቃ ላለው የደጋ ሰው ግን ይጠቅመዋል፣ ጭቃው ውሃ ይዞ ስር ያፍናል።

ቅር ያለኝን ልናገር። አንደኛ ምንም ላይ ስም አልተጻፈም፣ የአቮካዶው ባልዲ ውስጥ ሀስም ሀበሻም አንድ ላይ ነው፣ ለእግርነት ብዙ ለውጥ የለውም ግን ተለይቶ ቢቀመጥ የሚፈልግ ሰው አለ። ሁለተኛ በገበያ ቀን ቤቱ ይጨናነቃል፣ ወጣቶቹ ሰራተኞች ፍሬውን በፌስታል አስረው ይሰጧችኋል ማብራሪያ ሳይኖር፣ በሸዋሮቢት ሙቀት የታሰረ ፌስታል ውስጥ ፍሬው ሻጋታ ያወጣል። እትዬ ራሳቸው ከሌሉ የቤቱ ግማሽ ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። ሶስተኛ መቀመጫው ፀሀይ ነው፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከባድ ነው።

ለደብረ ብርሃን ሰዎች የኔ ሀሳብ፣ ከዚ ቤት አንድ ሁለት የአቮካዶ ፍሬ ወስዳችሁ መስኮት ስር በጣሳ አብቅሉ፣ ቅጠሉ ቆንጆ ነው ልጆችም ሲያድግ ያዩታል፣ ግን ፍሬ አትጠብቁ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ ውጪ አታሳድሩት። ግቢያችሁ ውስጥ የሚበላ ዛፍ የምትፈልጉ ከሆነ አፕል ነው፣ ብርዱን ይፈልገዋል። ደብረ ሲናን ወርዳችሁ አርማንያ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የተዳቀለ አቮካዶ ለነሱ ውሰዱላቸው፣ አቮካዶ እንደ ማንጎና ፓፓያ ሀሩር አይፈልግም፣ ወይና ደጋ ይስማማዋል። እኔ ለዘመድ ስሄድ አሁን ስኳርና ብስኩት ትቼ ችግኝ ነው የምይዘው፣ እና በሚቀጥለው ስሄድ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ እሱን ነው።

መሄድ የምትፈልጉ፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ይከፍታሉ፣ እትዬን ለማግኘት ከምሳ በፊት ይሻላል። የገበያ ቀን አትሂዱ። ፌስታሉን ትታችሁ እርጥብ ጨርቅ ወይ ጋዜጣ እና አየር የሚገባበት ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ የአቮካዶና የማንጎውን ፍሬ በሱ ጠቅልላችሁ ቤት እንደደረሳችሁ ትከሉት፣ የፓፓያው ዘር ከደረቀ ወረቀት ውስጥ ሊቆይላችሁ ይችላል። ችግኝ ለማዳቀል ከሆነ ልጁ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ቀድማችሁ በእናቱ በኩል ቀጠሮ ያዙ።